የሙዚየም ምረቃ ፖስተር ማንን ይጠራል?

አዲስ ሙዚየም ሲከፈት ሕዝብ ከሕንፃው በፊት የሚያየው ፖስተሩን ነው። ሕንፃው ዓመታት ይፈጃል፤ በጀቱም በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ፖስተሩ ግን በጥቂት ሳምንታት ተነድፎ፣ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ከቁጥር በማይገባ ገንዘብ ታትሞ፣ በየባቡር ጣቢያውና በየግድግዳው ይለጠፋል። ስለ ሙዚየሞች ሲጻፍ ዘወትር የሚነሱት አርክቴክቱ፣ ስብስቡና ለጋሾቹ ናቸው። ፖስተሩ እንደ መጠቅለያ ወረቀት ታይቶ ይታለፋል።

በምጣኔ ሀብት ዓይን ሲታይ ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። የሕዝብ ሙዚየም በግብር፣ በቦንድ ወይም በከተማ መሬት ይሠራል። ዋጋውን የሚከፍለው ከሚጎበኘው ሰው እጅግ የሚበዛ ሕዝብ ነው። በሩን አልፎ የማይገባ ግብር ከፋይ ከሙዚየሙ የሚደርሰው ድርሻ በመንገድ ላይ የሚያየው ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ በፖስተሩ ላይ የማን ፊት እንደተሳለ፣ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈና የት እንደተለጠፈ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ተቋሙ ማንን እንደ ባለቤት፣ ማንን እንደ እንግዳ እንደቆጠረ የሚገልጽበት የመጀመሪያው ሰነድ ነው።

የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ሁለት ዓይነት ጥሪ ያውቃል። የሠርግ ጥሪ ካርድ ለእንግዳ ይላካል። በወርቃማ ቀለም የሙሽሮቹን ስም፣ ሰዓቱንና አዳራሹን ይዞ ይመጣል፤ ተጠሪው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። የእድር ጥሪ ሌላ ነው። ጥሩምባው በሰፈሩ ሲነፋ የሚጠራው አባልን ነው። አባሉ መዋጮ ከፍሏል፤ ድንኳኑና ድስቱ የእርሱም ናቸው፤ በስብሰባ ድምፅ አለው፤ ቢቀር ይቀጣል። ካርዱ «መጥተህ እይ» ይላል፤ ጥሩምባው «ያንተ ነውና ና» ይላል። የሙዚየም ምረቃ ፖስተር ከሁለቱ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢና አዲስ አበባ ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚገባቸው ታሪኮች አሏቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊት የሌለው ሙዚየም

የኦክላንድ ሙዚየም በሴፕቴምበር 1969 ተከፈተ። አርክቴክቱ ኬቨን ሮች ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ አምድና ጉልላት ያለው ግርማዊ ፊት ለሕንፃው አልሰጠውም። በእርከን በእርከን የተደረደሩ የኮንክሪት አዳራሾችን ሠርቶ፣ ጣሪያቸውን በዳን ካይሊ የተነደፈ የአትክልት ስፍራ አለበሳቸው። ከመንገድ የሚያይ ሰው ሙዚየም መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል፤ የሚያየው ዝቅ ያለ ግድግዳና አረንጓዴ ነው። ሐሳቡ ሕዝባዊ ነበር፤ ሙዚየሙ ቤተ መንግሥት መስሎ ከላይ የሚያይ ሳይሆን ሰው የሚንሸራሸርበት መናፈሻ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ገንዘቡም የሕዝብ ነበር፤ የከተማዋ መራጮች ባጸደቁት ቦንድ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ሕንፃው የሕዝብ መምሰሉ ብቻውን የሕዝብ አላደረገውም። በ1970ው የሕዝብ ቆጠራ ከኦክላንድ ነዋሪ ሲሶው ያህል ጥቁር ነበር። ሙዚየሙ ከእነዚህ ነዋሪዎች ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኑረው በሚለው ጥያቄ ላይ ጠብ ተነሣ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጄ. ኤስ. ሆሊዴይ የማኅበረሰቡ ተሳትፎ እንዲሰፋ በመሻቱ ከሙዚየሙ ኮሚሽን ጋር ተጋጨ፤ በሩ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ከሥራው ተሰናበተ። «የሕዝብ ሙዚየም» የተባለው ተቋም ሕዝቡ በአስተዳደሩ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ሳይወስን ተመረቀ።

ከሙዚየሙ ግንባታ አጠገብ የአላሜዳ ካውንቲ ፍርድ ቤት አለ። በ1968 የብላክ ፓንተር ፓርቲ መሥራች የሂዊ ኒውተን የፍርድ ሂደት በዚያ ሲታይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በደረጃዎቹ ፊት ተሰልፎ ነበር። ሰልፈኛው ፖስተር ይዞ ነበር የመጣው። በዚያ ዘመን የኦክላንድ ግድግዳዎች የራሳቸው ሠዓሊ ነበራቸው፤ የፓርቲው የባህል ሚኒስትር ኢሞሪ ዳግላስ። ዳግላስ በሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ የንግድ ሥዕል የተማረ ባለሙያ ነበር። የፓርቲውን ጋዜጣ ገጾች ያቀናጅ፣ የመጨረሻውንም ገጽ ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉ ፖስተር ይነድፈው ነበር።

የአሠራሩ ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። ለብዙ ቀለም የሚሆን በጀት ስላልነበረ ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ይጠቀማል፤ ጥላና ግራጫ ለመፍጠር ተዘጋጅተው የሚሸጡ ነጠብጣብና መስመር ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶችን ይቆርጣል፤ ርካሽ ወረቀት ላይ ቀለሙ ቢፈስም ምስሉ እንዳይጠፋ ወፍራም መስመር ይሰነዝራል። በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት የሰፈሩ እናቶች፣ ሕፃናትና ሥራ ያጡ ወንዶች ናቸው። ጋዜጣው 25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በደራበት ጊዜ ሳምንታዊ ሥርጭቱ ከ100,000 ቅጂ በላይ ነበር። የሰፈሩ ሰው ገጹን ከጋዜጣው ገንጥሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። በአማርኛ «ገጽ» የሚለው ቃል ወረቀትንም ፊትንም መያዙ እዚህ ላይ በትክክል ይገጥማል፤ የጋዜጣው ገጽ የሰፈሩ ፊት ሆኖ ነበር።

በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ጥሪ ጎን ለጎን ቆሙ ማለት ነው። በአንድ በኩል ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ፊቱን በአትክልት የሸፈነ፣ «ሁሉም ይምጣ» የሚል ሙዚየም፤ በሌላ በኩል በሁለት ቀለም የታተመ፣ ባለቤቱን በስሙ የሚጠራ ገጽ። የታሪክ ፍርድ የመጣው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በበርክሌይ የነጻ ንግግር ንቅናቄ የተሳተፈው ማይክል ሮስማን በሕይወት ዘመኑ የሰበሰባቸው ወደ 24,000 የሚጠጉ የፖለቲካና የማኅበራዊ ንቅናቄ ፖስተሮች በ2008 ካረፈ በኋላ ወደዚሁ ሙዚየም ገቡ፤ በ2012ም ከእነርሱ የተመረጡት በአዳራሹ ታዩ። በ2016 ደግሞ ሙዚየሙ የብላክ ፓንተር ፓርቲን 50ኛ ዓመት በትልቅ ዐውደ ርእይ ዘከረ። ሲከፈት ከደጁ ውጭ የነበረው የጎዳና ወረቀት በመጨረሻ ዋና ሀብቱ ሆነ። ለፖሊሲ አውጪ ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ሙዚየሙ በ1969 ሊያገኘው ይችል የነበረውን ተአማኒነት ለማግኘት አርባ ዓመት ከፈለ።

ፊት ያለው ሙዚየም

ከኦክላንድ በባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ጎዳና ላይ፣ በ2005 የተከፈተው የአፍሪካ ዲያስፖራ ሙዚየም በንድፍ ረገድ ተቃራኒው ነው። ሕንፃውን የሚያልፍ ሰው በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ፎቅ ከፍታ ያለው የአንዲት ሕፃን ፊት ያያል። የመነሻው ፎቶግራፍ የቼስተር ሂጊንስ ነው፤ ልጅቷ ጋናዊት ናት። ሂጊንስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሰ ካህናትን፣ ገዳማትንና በዓላትን ያነሣ የቀድሞ የኒውዮርክ ታይምስ ፎቶ አንሺ በመሆኑ ስሙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

ፊቱ ግን አንድ ፎቶግራፍ አይደለም። ሮበርት ሲልቨርስ የተባለው ባለሙያ ባዳበረው የፎቶ ሞዛይክ ዘዴ ከ2,000 በላይ ትንንሽ ፎቶግራፎች ተገጣጥመው የሠሩት ነው። ትንንሾቹ ምስሎች ሰዎች ከየአገሩ የላኳቸው የቤተሰብ፣ የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የሥራ ትዝታዎች ናቸው። ከሩቅ አንዲት ሕፃን ትታያለች፤ ወደ ደረጃው ሲቀርቡ ፊቷ ይበተንና ሺህ ሰው ይሆናል። እንደ ምረቃ ፖስተር ካየነው ከዚህ የተሳካ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል። ሕንፃው ራሱ ፖስተር ሆኗል፤ ሕዝቡም የፖስተሩ ቀለም ሆኗል።

ሆኖም ዘዴው የራሱ አመክንዮ አለው። በፎቶ ሞዛይክ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ መስፈርቱም የምስሉ ብርሃንና ጥላ እንጂ የያዘው ታሪክ አይደለም። የአንዲት አያት ፎቶ ጠቆር ያለ ከሆነ የሕፃኗ የዓይን ብሌን ይሆናል፤ ደመቅ ያለ ከሆነ ጉንጭ ይሆናል። ይህ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ተደምሮ አንድ አማካይ ይወጣል። አማካይ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አማካዩ ማን እንደሄደና ማን እንደቀረ አይናገርም።

በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ማን እንደሄደ ዋናው ጥያቄ ነው። የከተማዋ የመልሶ ልማት ኤጀንሲ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጥቁሮች የንግድና የሙዚቃ ማዕከል የነበረውን የፊልሞር ሰፈር በየምዕራፉ አፈረሰ። ከ4,000 በላይ ቤተሰቦች ተነሡ፤ ከ800 በላይ የንግድ ቤቶች ተዘጉ። ለተነሺዎች «ቅድሚያ የሚሰጥ» የምስክር ወረቀት ታደለ፤ አብዛኛው ሰው ግን አልተመለሰም። ሙዚየሙ ያለበት የየርባ ብዌና አካባቢም በዚሁ ኤጀንሲ የፈረሰ ነው፤ በርካሽ ሆቴሎች ይኖሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና ጡረተኞች ከዚያ ተነሥተዋል።

በ1999 ከንቲባው ዊሊ ብራውንና ኤጀንሲው በዚያ አካባቢ በቀረው የመጨረሻ ባዶ መሬት ላይ የሚገነባ ሰው ለአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ቦታ እንዲሰጥ አስገደዱ። በዚህ መሠረት ከ40 ፎቅ በላይ ያለው የሆቴልና የመኖሪያ ማማ ሲሠራ የታችኞቹ ሦስት ፎቆች የሙዚየሙ ሆኑ። ይህ በከተማ ፖሊሲ የታወቀ ስልት ነው። ከተማው በበጀቱ ገንዘብ አያወጣም፤ የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ ከመሬቱ ዋጋ ላይ የሕዝብ ጥቅም ይቀንሳል። ስልቱ ባይኖር ሙዚየሙ በዚያ ቦታ አይኖርም ነበር። ግን የመሬቱ ዋጋ ራሱ ከፍ ያለው ነባሩ ሰው ከተነሣ በኋላ መሆኑን ፖስተሩ አይናገርም። በ1970 ከሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ጥቁር ነበር፤ በ2010 ወደ 6 በመቶ ወርዷል። ግዙፉ ፊት በጎዳናው ላይ የቆመው ፊቶቹ ከከተማዋ እየቀነሱ በነበሩበት ወቅት ነው።

የጥሪው መልክዓ ምድር

የሄዱት የት ሄዱ? ብዙዎቹ ወደ ኦክላንድ፣ ከዚያም ኪራይ ሲወደድ ወደ ሌሎቹ የምሥራቅ ባሕረ ሰላጤ ከተሞችና ከዚያም አልፎ ወደ ሸለቆው ውስጥ ነው። ኦክላንድ ራሷ በ1980 ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝቧ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ከሩብ በታች ሆኗል። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና የሚወርድ ሰው በስተ ቀኙ የጨው ኩሬዎችን እያየ ኒውአርክን ያልፋል። በ1955 ራሷን የቻለች፣ በፍሪሞንት የተከበበች፣ ከ50,000 ያነሰ ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ኒውአርክ የባርት ባቡር ጣቢያ የላትም።

ይህ ትንሽ ዝርዝር ለፖስተር ጉዳይ ትልቅ ነው። የትልልቅ ተቋማት የማስታወቂያ ገንዘብ ተጓዡ ወደሚበዛበት ቦታ ይፈስሳል፤ በጣቢያ ግድግዳ፣ በአውቶቡስ ጎን፣ በመሀል ከተማ የመብራት ምሰሶ ላይ። እነዚህ ቦታዎች በጎብኚና በቢሮ ሠራተኛ ብዛት ይመዘናሉ። ስለዚህ በኒውአርክ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወይም በ880 ላይ ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ከአፍሪካ ዲያስፖራ አንዱ ቢሆንም፣ ስለ እርሱ የሚናገረው ሙዚየም ፖስተር በመንገዱ ላይ የማይለጠፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ ማስታወቂያው በአንድ ተመልካች በሚወጣው ወጪ ስለሚሰላ ነው። እድር ግን ጥሩምባውን በዚህ ስሌት አያስነፋም፤ የመጨረሻው አባል ቤት ድረስ መሰማቱን ያረጋግጣል።

ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው ፊቶች

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻም ሆነ በሌላ የውጭ ከተማ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የገባ ሰው አንድ ፖስተር ያውቃል፤ «የ13 ወር ፀሐይ»። መፈክሩን በ1960ዎቹ ያስገኘው የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባለው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ቢለዋወጡም መፈክሩ እስከ 2016 ድረስ አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ኖሯል። ፖስተሮቹ በሚገባ የተሠሩ ነበሩ። አንድ ትልቅ የቀለም ፎቶግራፍ፣ በዳር ጥቂት ቃላት፣ ብዙ አየር። የቀን መቁጠሪያውን ልዩነት ከእንቅፋት ወደ ማባበያ የለወጠው ሐሳብም በዘመኑ ከየትኛውም አገር የቱሪዝም መፈክር የሚያንስ አልነበረም።

እነዚህ ፖስተሮች የሠርግ ካርድ ናቸው፤ እንደዚያም ሊሆኑ ይገባቸው ነበር። የታሰቡት የውጭ ምንዛሪ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ነው፤ ቋንቋቸውም የእንግዳው ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታዩት ቆነጃጅት፣ ካህናትና እረኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የላቸውም። አገርን ለሌላ ሰው የሚያሳይ ፖስተር ፊት ይፈልጋል፣ ስም አይፈልግም። ችግር የሚመጣው ይህ የእንግዳ ጥሪ ልማድ ሆኖ፣ ለራስ ሕዝብ የሚሠራ ተቋምም በዚያው ቋንቋ ሲያስተዋውቅ ነው።

የተለየ መንገድ የሚያሳየው በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ከቀይ ሽብር የተረፉ ሰዎችና የሟች ቤተሰቦች ማኅበር ብዙ የደከሙበት ተቋም ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የሟቾች ጉርድ ፎቶግራፎች ተርታ በተርታ ቆመዋል፤ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሡ፣ አፍሮ ያበጠሩ፣ ሰፊ ኮሌታ የለበሱ ወጣቶች። እዚህም ብዙ ትንንሽ ፎቶግራፎች በአንድ ግድግዳ ተሰብስበዋል፤ የሚሽን ጎዳናው ሞዛይክ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ነው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። እዚህ ፎቶግራፎቹ ተደምረው አንድ ትልቅ ፊት አይሠሩም። እያንዳንዱ በራሱ ክፈፍ ይቀራል። እናት መጥታ ልጇን ከመካከላቸው መርጣ መለየት ትችላለች። ንድፉ ከሩቅ ሲያዩት እምብዛም አይማርክም፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሰው ያስቆማል። የአባል ጥሪ ማለት ይህ ነው።

ዐድዋ በፒያሳ

በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ትልቁ የሙዚየም ምረቃ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አቅራቢያ ተመረቀ። የሚዘክረው ድል ራሱ በጥሪ የተጀመረ ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የክተት አዋጅ በዘመኑ መገናኛ፣ በነጋሪትና በአዋጅ ነጋሪ አፍ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰ። ዘማቹ እንግዳ አልነበረም፤ ስንቁን በራሱ ይዞ የሚመጣ ባለ ግዴታ ነበር። ሙዚየሙ በሮቹን ከየአቅጣጫው በተመሙት ጀግኖች መሰየሙ ይህንን የሰፊ ጥሪ ሐሳብ በሕንፃ ቋንቋ ለመድገም የተደረገ ሙከራ ነው።

ከምረቃው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ግን በፒያሳና በዙሪያው የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀመረ። ነባር ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ለትውልዶች በዚያ የኖሩ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ሥራውን የሚደግፉ ሰዎች የከተማዋን መታደስ፣ የመንገዱን ስፋትና የመኖሪያውን መሻሻል ያነሣሉ። የሚተቹት ደግሞ የፍጥነቱን፣ የካሳውንና የማኅበራዊ ኑሮውን መበተን ያነሣሉ፤ እድር ከሰፈር ተነጥሎ አይኖርምና። ክርክሩ እዚህ የሚፈታ አይደለም። ከሙዚየም ታሪክ አንጻር ግን ሳን ፍራንሲስኮና አዲስ አበባ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የሕዝብን ታሪክ የሚያከብር ሕንፃ ሲቆም የአካባቢው መሬት ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው በዚያ የነበረው ሰው ነው። በፖስተሩ የተጠራው ሕዝብ ጥሪው በሚደርስበት ቀን በሰፈሩ ላይገኝ ይችላል።

የፊደል ጥያቄ

የጥሪውን ዓይነት ከፊት ቀጥሎ የሚወስነው ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ለፖስተር ነዳፊ የራሱ ጸባይ አለው። ዐቢይና ንኡስ የሚባል የፊደል ልዩነት ስለሌለው በላቲን ጽሑፍ እንደሚደረገው ርእስን በትልልቅ ሆሄያት ብቻ ማጉላት አይቻልም፤ ነዳፊው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በቦታ መለየት ይኖርበታል። አናባቢው በእያንዳንዱ ፊደል አካል ላይ ስለሚቀጠል ፊደሉን ከልክ በላይ ማቅጠን ወይም መጨፍለቅ ንባቡን ያበላሻል። በደርግ ዘመን የፖስተር ጽሑፍ በአብዛኛው በእጅ ይነደፍ ነበር። በ1979 የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል፣ ሲያስተምር የሕዝብ ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ማንበብ ለሚጀምር ዜጋ የተዘጋጀ ገጽ ሆነ። የዘመኑ ፖስተር ዜጋውን በቋንቋው ጠርቷል፤ ድምፅ ግን አልሰጠውም። ድምፅ የሌለው የእድር ጥሪ ደግሞ ትእዛዝ ይባላል። ፊደሉ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ፊደሉ ወደ ኮምፒውተር ማያ እንዲገባ የተደረገው ጥረት በከፊል የዚሁ የባሕረ ሰላጤ አካባቢ ታሪክ ነው። በሲሊከን ቫሊ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም ፍስሐ አጥላው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የግእዝ ፊደል ሶፍትዌር አዘጋጁ። በ1999 ፊደሉ በዩኒኮድ መለኪያ ሦስተኛ እትም ውስጥ ተካተተ። በበርክሌይ የሚኖረው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የአማርኛን ፊደል ከጽሑፍነት አውጥቶ የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎታል፤ በሸራዎቹ ላይ ፊደሎች ይዘረጋሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይገለበጣሉ። በሥዕሉ ውስጥ ፊደሉ የፊትን ቦታ ይይዛል፤ ማንንም በአማካይ ሳይወክል ማንነትን ይናገራል።

ከዚህ በኋላ «የአማርኛ ወይም የትግርኛ ጽሑፍ ለፖስተር አይመችም» የሚለው ሰበብ ቴክኒካዊ መሠረት የለውም። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ዋናውን መልእክት በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ፊደሉን በግርጌ እንደ ጥልፍ ማስቀመጥ የንድፍ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም እንግዳው ማን እንደሆነ ይናገራል።

ሦስት መለኪያዎች

በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች በሁለት በኩል ወደዚህ ጉዳይ ይሳባሉ። አንዳንዶቹ በሚኖሩበት ከተማ የባህል ማዕከል ወይም የታሪክ ማኅደር ለመክፈት ያስባሉ፤ ሌሎቹ በአገር ቤት ለሚሠሩ ተቋማት ገንዘብና ምክር ይሰጣሉ። በሁለቱም ፖስተሩ የሚታሰበው በጀቱ ሲያልቅ፣ ምረቃው ሲደርስ፣ በመጨረሻ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ታሪኮች ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እንደሚገባ ያሳያሉ። ከመሠረት ድንጋዩ በፊት የምረቃው ፖስተር ረቂቅ በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ተቋሙ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ገና ማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ ይወጣሉ።

የመጀመሪያው መለኪያ ፊትና ስም ነው። በፖስተሩ ላይ ሰው ካለ፣ ስሙ የታወቀ፣ ፈቃዱን የሰጠ፣ ቢመጣ ራሱን የሚያገኝ ሰው ነውን? ሁለተኛው መልክዓ ምድር ነው። ፖስተሩ የሚለጠፍባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ታሪኩ የሚነገርለት ሕዝብ ከሚኖርበት ካርታ ጋር ይገጥማሉን? ለኒውአርክ ሰው ከሚሽን ጎዳና ምሰሶ ይልቅ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የእንጀራ መሸጫና የታክሲ ማቆሚያ ግድግዳ ይቀርበዋል፤ ዋጋቸውም ያንሳል። ሦስተኛው ከጥሪው ጀርባ ያለው መብት ነው። የተጠራው ሰው በአስተዳደር ቦርዱ ወንበር፣ በስብስቡ ላይ ቃል፣ በአካባቢው ላይ የመቆየት ዋስትና አለውን? የኦክላንዱ ጠብ የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረበ ውብ ጥሪ ውሎ አድሮ ይጠየቅበታል።

ሦስተኛው ከሁለቱ የከበደ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ማካፈልን ይጠይቃልና። መሣሪያዎቹ ግን አዲስ አይደሉም። ከተማ ለገንቢ ፈቃድ ሲሰጥ ለሙዚየም የወለል ስፋት ማስለቀቅ ከቻለ፣ በዚያው ውል ለነባር ነዋሪና ነጋዴ የመመለስ መብት፣ የኪራይ ጣሪያና የቦርድ ወንበር ማስገባት ይችላል። ለጋሽ ለአዳራሽ ግንባታ ገንዘብ ሲሰጥ እነዚህን እንደ ቅድመ ሁኔታ መጠየቅ ይችላል። የፊልሞር ተነሺዎች በእጃቸው የቀረው የምስክር ወረቀት ደካማ የነበረው መብቱ ከግንባታው በኋላ ለሚመጣ ጊዜ የተተወ በመሆኑ ነው፤ ሰዎቹ ተበትነው፣ አድራሻቸው ተለውጦ፣ ብዙዎቹም አርጅተው ነበር። መብቱ ሰው ከሰፈሩ ሳይነሣ፣ ስሙ በአባላት መዝገብ ላይ እያለ ሊጻፍ ይገባል። ፖስተሩ ከዚያ በኋላ ቢነደፍ የሚጠራቸውን ሰዎች ስም ዝርዝርና አድራሻ ከመዝገቡ ያገኛል።